ተራ ቀን በእምነት ሚዛን፦ የ2004 ዓ.ም. ክረምት በሩዋንዳ ሰፈር

ሊቃውንት ዘመንን ሲቆጥሩ አስቀድመው የሚጠይቁት በዓሉ መቼ ይውላል፣ ጾሙ መቼ ይገባል የሚለውን ነው፤ የታሪክ ጸሐፊም በበኩሉ የሚመዘግበው ጦርነት የተነሣበትን፣ መንግሥት የተለወጠበትን፣ ታላቅ ሰው ያረፈበትን ቀን ነው። ከሁለቱም መዝገብ ውጭ የሚቀረው ቀን፣ ማለትም ሰው ከጓደኞቹ ጋር ቡና የጠጣበት፣ ዝናብ እስኪያባራ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ቆሞ ያወጋበትና ሲመሽ ወደ ቤቱ የገባበት ተራ ቀን፣ በቁጥር ከሁሉም የሚበዛ ሆኖ ሳለ ዋጋው እምብዛም አይመረመርም። ይህ ቀን በእግዚአብሔር ፊት ምን ይባላል? በጾምና በበዓል መካከል የተረፈ ባዶ ቦታ ነው ወይስ የራሱ በጎነት ያለው ነገር? ጥያቄው በየትኛውም ከተማና ዘመን ሊነሣ ይችላል፤ በ2004 ዓ.ም. ክረምት ግን በአዲስ አበባ፣ በተለይም በቦሌ መድኃኔ ዓለምና በቦሌ ሚካኤል አካባቢ፣ በሩዋንዳ ኤምባሲ የተነሣ ሩዋንዳ ተብሎ በሚጠራው ሰፈር፣ ከወትሮው ይልቅ ጎልቶ ታይቷል።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ክረምት የሚባለው ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ወቅት ሲሆን፣ በውስጡ ንባቡና ዜማው የሚለዋወጥባቸው ንዑሳን ክፍሎች አሉት። መጀመሪያ ዘርና ደመና፣ ቀጥሎ መብረቅና ነጎድጓድ ይታሰባሉ፤ በነሐሴ አጋማሽ ደግሞ ዕጓለ ቋዓት፣ ማለትም የቁራ ጫጩቶች፣ እንዲሁም ዓይነ ኵሉ፣ ማለትም ምግቡን ከፈጣሪው የሚጠብቅ የፍጥረት ሁሉ ዓይን፣ ይታሰባሉ። ይህ አከፋፈል ከሚሰጠው በላይ ትኩረት የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም ቤተ ክርስቲያን የዘመኗን መዝገብ በሰማዕታትና በተአምራት ብቻ ሳትሞላ፣ ማንም ልብ ለማይለው የቁራ ጫጩት ረኀብ እንኳ ጊዜ መድባ ትዘምራለች። እንዲህ ላለው ፍጥረት ቦታ የሚሰጥ ሥርዓት የሰው ልጆች ተሰባስበው የሚውሉበትን ቀን ባዶ ነው ብሎ ለማለፍ በቂ ምክንያት የለውም።

በዚያ ክረምት ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ከውጭ አገር የመጡ ዘመዶች በየቤቱ ገብተው፣ የቦሌ ዋና መንገድ እንደገና ለመሠራት ተቆፍሮ፣ ወጣቶች ጭቃውን እየዘለሉ ከቡና ቤት ቡና ቤት ይዘዋወሩ ነበር። በየመንገዱ ዳር በከሰል የሚጠበሰውን በቆሎ ሻጯ ከነትኩሳቱ በገዛ ቅርፊቱ ጠቅልላ ስትሰጥ፣ አንዱ ከፍሎ ለሁለትና ለሦስት መሰባበሩ የወቅቱ ልማድ ነው። ማታ ማታ ቴሌቪዥን ባለበት ሁሉ የለንደን ኦሊምፒክ ይታይ ነበር፤ ጥሩነሽ ዲባባ ሐምሌ 27 በ10 ሺህ ሜትር፣ ቲኪ ገላና ሐምሌ 29 በማራቶን፣ መሠረት ደፋር ነሐሴ 4 በ5 ሺህ ሜትር ወርቅ አግኝተዋል። መሠረት ውድድሩን እንደጨረሰች የእመቤታችንን ሥዕል ከደረቷ አውጥታ ከፍ አድርጋ እያሳየች አለቀሰች፤ ቀኑ ፍልሰታ ከገባ አራተኛው ነበር፤ ፍልሰታ የሚባለውም ከነሐሴ 1 ጀምሮ የድንግል ማርያም ዕርገት እስከሚከበርበት እስከ ነሐሴ 16 ድረስ የሚጾመው ጾም ነው። በዚያች ቅጽበት ጨዋታ በሚባለው ነገርና ጸሎት በሚባለው መካከል የተሰመረው ድንበር የት እንደነበረ መናገር አይቻልም።

ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው ግን የጾሙ ነገር ነው። የእስልምና የዘመን አቆጣጠር በጨረቃ ስለሚሄድ ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ይቀድማል፤ በ2004 ዓ.ም. ሐምሌ 13 ገብቶ ነሐሴ 12 ሲያበቃ፣ ከፍልሰታ ጋር ለ12 ቀናት ተደራረበ። ሩዋንዳና ቦሌ ሚካኤል ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙና ፕሮቴስታንቱ፣ የሶማሌ ቤተሰቦችም ጭምር በአንድ ቅያስ የሚኖሩበት አካባቢ በመሆኑ፣ የጓደኛሞች ስብስብ ከሁለቱም ወገን ጿሚ ያለበት ሆኖ ተገኘ። በአገራችን ክርስቲያን የሙስሊም፣ ሙስሊምም የክርስቲያን ሥጋ እንደማይበላ የታወቀ ነው፤ ከዚህ የተነሣ የልብ ወዳጆች እንኳ በበዓል ቀን በአንድ ማዕድ ሲቀርቡ ሥጋው ለየብቻ ይዘጋጃል፤ ካልሆነም አንደኛው ሳይነካው ይቀራል። በእነዚያ 12 ቀናት ግን ክርስቲያኑ ሥጋና ወተት የተወ፣ ሙስሊሙም ፀሐይ እስክትጠልቅ የማይቀምስ ስለሆነ፣ ከቀትር በኋላ ቅዳሴ የወጣውና ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ በተምር የሚያፈጥረው ሁለቱም ሽሮ፣ ምስር ወጥና የምስር ሳንቡሳ በቀረበበት ማዕድ ያለ አንዳች መለያየት አብረው ሊቀመጡ ቻሉ። ከምግብ መከልከል አብሮ ለመብላት ምክንያት ሆነ ማለት ነው። ይህን ያመጣው የእምነት መቀላቀል አልነበረም፤ እያንዳንዱ የራሱን ሕግ አጥብቆ በመያዙ የተገኘ ነው፤ ስለ መቻቻል የሚነገረው ብዙ ንግግር ይህን ነጥብ ባለማየቱ ይጎድላል። ነሐሴ 13 እሑድ ዒድ አል ፈጥርና ቡሄ በአንድ ቀን ሲውሉ፣ ከዒድ ሶላት የተመለሱ ቤተሰቦች በራቸው ላይ ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆችን ተቀበሉ።

በዚሁ ሰሞን ታሪክ በተከታታይ በሩን አንኳኳ። ነሐሴ 10 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ አረፉ፤ ነሐሴ 15 የጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ሞት ተነገረ፤ ለነሐሴ 16 አጥቢያ፣ የፍልሰታ በዓል ሌሊት፣ አስከሬናቸው በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሶ በቦሌ መንገድ ወደ ቤተ መንግሥት አለፈ። ፓትርያርኩ ነሐሴ 17፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነሐሴ 27 በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። መጻሕፍት ስለዚያ ክረምት የሚያስቀሩት ይህን ነው፤ ተገቢም ነው። ሆኖም ከተማው ሐዘኑን የተሸከመው አስቀድሞ በነበረው መሰባሰብ መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ ዜናውን የሰማ ሰው መጀመሪያ ያደረገው ወደሚያውቃቸው ሰዎች መሄድ ነበርና።

ለዚህ አስተያየት ክብደት ያለው ተቃውሞ አለ። መጻሕፍተ መነኮሳት፣ ማለትም ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ፣ ዝምታንና ብቸኝነትን እጅግ ያከብራሉ፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ሰው ስለ ከንቱ ቃል ሁሉ እንደሚጠየቅ ተነግሯል፤ መምህራንም በፍልሰታ ሱባኤ፣ ማለትም ለጸሎት በሚለይ ሳምንት፣ ምእመናንን ከዋዛ ፈዛዛ እንዲርቁ ይመክራሉ። ምክሩ እውነት ነው፤ ሐሜትና ስካር የሞላበት መሰባሰብ በየሰፈሩ አለና። ነገር ግን ከገዳማቱ ብዙዎቹ የአንድነት ገዳማት ናቸው፤ በእነዚህ መነኮሳቱ ሥራውንም ማዕዱንም ይጋራሉ፤ ብሕትውናም በልማዱ ይህን የማኅበር ኑሮ ተምሮ ለጨረሰ ሰው የሚፈቀድ ነው። በዮሐንስ ወንጌልም አልዓዛር ከሞት ከመነሣቱ አስቀድሞ ወዳጅ ተብሏል፤ ይህን ስም ያስገኘለት የቢታንያው ቤት መስተንግዶ ግን አብዛኛው አልተጻፈም። ከንቱ የሚባለው ቃል እንግዲህ ፍቅር የሌለበት ቃል እንጂ ቁም ነገር ያልተነገረበት ጨዋታ ሁሉ ሊሆን አይችልም።

የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ለኒቆማኮስ በተሰየመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ወዳጅነትን በጥቅም፣ በደስታና በበጎነት ላይ የተመሠረተ ብሎ በሦስት ይከፍላል፤ የመጨረሻው ጊዜን እንደሚጠይቅ ሲያስረዳም፣ ሰዎች አብረው ብዙ ጨው ሳይበሉ አይተዋወቁም የሚለውን የአገሩን አባባል ይጠቅሳል። በዚህ ሐሳብ ተራው ቀን የወዳጅነት ትርፍ ሰዓት መሆኑ ይቀርና ራሱ የሚሠራበት ጊዜ ይሆናል፤ ከቤት ወደ ቤት በየወሩ በቅዱሳን ስም የሚዞረው የጽዋ ማኅበርም በዚሁ መሠረት ላይ የቆመ ነው። ይሁን እንጂ ያው ፈላስፋ ርቀት ወዳጅነትን ወዲያው ባያፈርስም ተግባሩን እንደሚያቋርጥ፣ ሲረዝምም መረሳትን እንደሚያመጣ ይናገራል። መስከረም 1 ቀን 2005 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ከዋለ በኋላ ለክረምት የመጡት ወደየሚኖሩበት አገር ተመለሱ፤ አብሮ መገኘትን የሚጠይቀው ይህ በጎነት፣ ልጆቹ በየአገሩ በተበተኑበት ሰፈር፣ በአንድ ክረምት የተጀመረውን እስከሚቀጥለው ክረምት ሳይጨርስ ለመቆየት ይገደዳል።