ስለ ሥጋ መብላትና ስለ መተው

ሰው ሥጋን ፈጽሞ ትቶ በእህልና በአትክልት ብቻ ቢኖር ይሻላልን? ወይስ በመልካም አያያዝ ካደገ እንስሳ መብላት ነውር የለበትም? ይህ ጥያቄ ዛሬ በብዙ አገር ሊቃውንትን ያከራክራል። በአገራችን ግን የዓመቱን እኩሌታ ያህል በጾም ከሥጋና ከወተት የሚከለከል ሕዝብ፣ ከመንጋው በቀር ሌላ ሀብት ከሌለው አርብቶ አደር ጋር በአንድነት ይኖራልና ነገሩ የቤት ነገር ነው።

ሥጋን የሚነቅፉ ሰዎች ሦስት ምክንያት ያቀርባሉ። አንደኛው የእንስሳው ነፍስ ነው። ሁለተኛው የእህል መባከን ነው፤ በዓለም ከሚመረተው እህል ሲሶው ያህል ለእንስሳት መኖ ይውላልና። ሦስተኛው የአየር መለወጥ ነው፤ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 እንደ ገለጠው፣ ሰው በሥራው ወደ አየር ከሚለቀው ሙቀት አማቂ ጋዝ ከመቶ 14 ተኩል የሚሆነው ከእንስሳት እርባታ የሚመጣ ነው። እነዚህ ምክንያቶች የሚናቁ አይደሉም።

ነገር ግን የአዲስ አበባ ሰው ፍርዱን ከመስጠቱ አስቀድሞ በባቡር እስከ ደወሌ ቢወርድ መልካም ነው። ደወሌ በሲቲ ዞን፣ በጅቡቲ ወሰን ያለች ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ምድር ድንጋይና አሸዋ፣ ግራርና እሾህ ነው፤ ዝናቡም ጥቂት ስለ ሆነ ዘር ለመዝራት አያስተማምንም። የኢሳ ሶማሌ ግን ግመሉንና ፍየሉን፣ ራሱ ጥቁር ገላው ነጭ የሆነውንም በጉን ይዞ በዚያ ይኖራል። ሰው ሊበላው የማይችለውን እሾህ ግመሉ ወተት፣ ፍየሉ ሥጋ ያደርገዋል። ምስር ይብላ ቢሉት፣ ምስሩ የሚመጣው ከደጋ ነው፤ የሚገዛውም ፍየሉን ሸጦ ነው። እንግዲህ ፍየሉን አትሽጥ ያለው ሰው ምስሩንም ከእጁ አስጣለው ማለት ነው።

ይህም በግምት ብቻ የተነገረ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የተባለው በሽታ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን በተነሣ ጊዜ፣ የዓረብ አገሮች ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጣውን እንስሳ ከለከሉ፤ የሳዑዲም እገዳ እስከ 2009 ቆየ። ምክንያቱ በሽታ እንጂ ሥጋን መንቀፍ አልነበረም። ቢሆንም ገዢው ከሌላ አገር በግ አገኘ፤ አርብቶ አደሩ ግን ያን የሚያህል ሌላ ገበያ አላገኘም። ከሩቅ የሚደረግ ክልከላ በማን ላይ እንደሚወድቅ ከዚህ ይታወቃል።

ታዲያ ሥጋ እንዳሻ ይበላ ማለት ነውን? ቢሉ፣ አይደለም። በ2007 ዓ.ም. በሲቲ ዝናብ በቀረ ጊዜ ከመንጋው እጅግ ብዙ አለቀ። ምድር የምትሸከመው ልክ አላትና፣ ገበያ አለ ተብሎ መንጋው ከልክ ቢያልፍ ግጦሹ ይራቆታል፤ የድርቁም ጉዳት ይከፋል። ስለዚህ በሣርና በእሾህ ያደገ ሥጋ በባሕርዩ ጥቂት ነው፤ ጥቂትም ስለ ሆነ ውድ ነው። ርካሽ ሆኖ በየቀኑ በገበታው እንዲቀርብለት የሚፈልግ ሰው ከብቱ በእህል ወደሚደልብበት ይሄዳል፤ ያን ጊዜም ሥጋ በላሁ ይላል እንጂ የበላው የድሀውን እንጀራ ነው።

ስለ እንስሳው ነፍስ የሚቀርበው ክርክር ግን በዚህ ሁሉ አይፈታም። ወተት ያለ መውለድ አይገኝም፤ ከሚወለደውም እኩሌታው ወንድ ነው፤ ወንዱን ሁሉ እስኪያረጅ ማቆየት በዚያ ምድር የእናቲቱን ግጦሽ መንሣት ነው። ስለዚህ እረኛው ያርዳል ወይም ይሸጣል። ነገር ግን ክርስቲያኑም እስላሙም የእግዚአብሔርን ስም ሳይጠራ አያርድም፤ ይኸውም ነፍስ ማጥፋት ቀላል ነገር እንዳይመስለው ነው። እንዲህ በፍርሃት የተወሰደውን ነፍስ በድግስ አትረፍርፎ ለውሻ መጣል ከማረዱ ይልቅ የከፋ ነው።

የጾምም ነገር ከዚህ ጋር ይገናኛል። የዐቢይ ጾምን 55 ቀን የሚጾም ሰው ሥጋን የሚተወው ርኩስ ነው ብሎ አይደለም፤ ፈቃዱን ለመግዛት ነው እንጂ። በፋሲካ ማግሥት የሁለቱን ወር ጾም በአንድ ሳምንት ለማካካስ የሚሻ ግን ቀኑን ቈጠረ እንጂ ልክን አልተማረም።

እንግዲህ ፍርዱ በምግቡ ስም ሳይሆን በምንጩና በልኩ ነው። እህል በሚበቅልበት ደጋ የሚኖር ባለጠጋ ሥጋውን ቢቀንስ የሚያጣው ምቾቱን ነው፤ የደወሌ እረኛ ቢተው የሚያጣው ኑሮውን ነው። ስለዚህ ሸክሙን የሚችል ይሸከመው፤ ሥጋ የሚገዛም በጥቂቱ ይግዛ፣ የእረኛውንም ዋጋ አያጕድል።