አንድ ሊትር ለመንገዱ

ለፋሲካ ወደ ደብረ ማርቆስ ልንሄድ ሁለት ቀን ሲቀረን የቪትዜን የሞተር ዘይት አስቀየርኩ። መካኒኩ ልጅ ፊልትሮውን ለውጦ የገዛሁትን ባለ 4 ሊትር ጀሪካን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ገለበጠው። አጠገቡ ቆሜ አይ ነበር፤ እንዲያውም ዘይት ሳይቆጥብ በማድረጉ ደስ አለኝ።

በጉዞው ዕለት ማለዳ ሞተሩን አሙቄ እንዳጠፋሁት መለኪያውን ሳብኩ። ሰፈራችን ዳገታማ ነው፤ መኪናዋም አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አድርጋ ነበር የቆመችው። ዘይቱ ከሁለቱ ምልክቶች መካከል ዝቅ ብሎ ታየኝ። ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ጭኜ የዓባይን በረሃ ልሻገር ነው፤ ሰጋሁ። ቤት የነበረኝን አንድ ሊትር ለመንገዱ ብዬ ጨመርኩበት።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ስንወርድ ምንም አልተሰማኝም። ድልድዩን ተሻግረን የደጀንን ዳገት ስንጀምር ግን መኪናዋ ከበዳት። በመስታወት ሳይ ከኋላችን ሰማያዊ ጭስ ተከትሎናል። ጥቂት እንደወጣን የዘይት መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ዳር ይዤ አጠፋሁና ኮፈኑን ከፈትኩ፤ ሙቀት መስሎኝ የራዲያተሩን ውሃ ነበር የማስበው።

ቁልቁል ይመጡ የነበሩ አንድ ሽማግሌ የከባድ መኪና ሹፌር ቆሙልን።

«ልጄ፣ ውሃው አይደለም። ጭስህ ሰማያዊ ነው፤ ዘይት እያቃጠልክ ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ዘይቱንማ ያስቀየርኩት ከትናንት ወዲያ ነው።»

«ስንት ተደረገበት?»

«አራት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ አንድ ጨመርኩ።»

ሌላ አልጠየቁኝም። መለኪያውን ስበው ጠርገው መልሰው ሳቡት። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ሁለት ጣት ያህል አልፏል፤ ላዩ ላይ የሳሙና የሚመስሉ ጥቃቅን አረፋዎች ይታያሉ።

የኔ መኪና 1300 ሲሲ ሞተር ከነፊልትሮው 3.7 ሊትር ገደማ ነው የሚይዘው። ጀሪካኑ የሻጩ ልክ እንጂ የሞተሩ ልክ እንዳልሆነ ያን ቀን ነው የገባኝ። ዘይቱ ከሞተሩ ሥር ባለው ኮፓ ውስጥ ይተኛል፤ ክራንክሻፍቱ ደግሞ ከበላዩ ይሽከረከራል። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ዙር ሲሽከረከር ክራንክሻፍቱ በሰከንድ 50 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ዘይቱ ከፍ ብሎ ከደረሰበት ወተት በቅል እንደሚናጥ ይንጠዋል፤ አረፋም ያደርገዋል። ፓምፑም ዘይት ብቻ መሳቡ ቀርቶ ዘይትና አየር ይስባል። አየር ደግሞ ብረትን ከብረት ፍትጊያ አያድንም፤ ግፊቱ ይወርዳል፣ መብራቱ ይበራል። ዘይት በዝቶበት ሳለ ሞተሩ ዘይት ይጠማዋል። እኔ መብራቱን ሳይ ዘይት ጎድሎ ይሆናል ብዬ ሌላ ሊትር ብጨምርበት ኖሮ ምን ይደርስ እንደነበር ሳስበው እስካሁን ይከብደኛል።

ጭሱም ከዚያው የመጣ ነው። የተናጠው ዘይት በሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ በኩል ወደ አየር ማስገቢያው ይገባና ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል፤ ካንዴላውን ያጠቁራል፤ ውሎ ሲያድር ከጭስ መውጫው ላይ ያለውን ውድ ማጣሪያም ይደፍናል።

ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅን። ሽማግሌው ከሥር ገብተው ቡሎኑን ላላ አድርገው ከአንድ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ዘይት በሃይላንድ ፕላስቲክ ቀዱልኝ፤ በሜዳማ ቦታም ደግመው ለኩልኝ። ቀስ ብለን ደጀን ገባን። ከበዓል ስመለስ ካንዴላዎቹንና ዘይት ማፍሰስ የጀመረውን ኦይል ሲል አስቀየርኩ።

የሳቸው ቃል ግን ከወጪው ይልቅ አብሮኝ ቀርቷል፦ «ያንተ ቤንዚን መሆኑ በጀህ።» እውነታቸውን ነው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ አያስፈልገውም፤ የገባለትን የዘይት ትነት እንደ ናፍጣ ያቃጥለዋል። በዚህ ጊዜ ቁልፉ ቢነቀልም አይጠፋም፤ ፍጥነቱ እየጨመረ ሄዶ ራሱን ይሰብራል። ማርሹ በእጅ የሚገባ ከሆነ በትልቁ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሬኑን አጥብቆ ረግጦ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ ነው የሚያድነው። ሰው ጭናችሁ በሚኒባስ የምትሠሩ ይህን ከልባችሁ ያዙልኝ።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቆማለሁ፤ ሞተሩን አጥፍቼ አሥር ደቂቃ ያህል እጠብቃለሁ፤ ላይ የነበረው ዘይት ወደ ኮፓው ይወርዳልና። መለኪያውን ስቤ እጠርገዋለሁ፤ መልሼ እስከ ጥግ ከትቼ እንደገና አያለሁ። ምንም ሳልጨምር ዘይቱ ከፍ ብሎ ካገኘሁት ቤንዚን ወይም ውሃ ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል ሳልነዳ መካኒክ እጠራለሁ።

ለበዓል አገር ቤት የምትወርዱ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዘይት ስታስቀይሩ መካኒኩን መጀመሪያ ከሞተሩ ልክ ትንሽ አሳንሰህ አድርግ በሉት፤ ከዚያ እየለካ ይጨምር። ከጀሪካኑ የተረፈውን ክዳኑን አጥብቃችሁ ከኋላ አስቀምጡት፤ ሲጎድል ትፈልጉታላችሁ።