ልጅነትን በአደራ መቀበል

ላ ማሲያ በባርሴሎና ከተማ ከካምፕ ኑ ስታዲየም ጎን የቆመ፣ በ1702 የተሠራ አሮጌ የገበሬ ቤት ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የባርሴሎና እግር ኳስ ክለብ በ1979 ቤቱን ከሩቅ ለሚመጡ ታዳጊ ተጫዋቾቹ ማደሪያ አደረገው። ሐሳቡ መጀመሪያ ላይ ከዚህ ያለፈ አልነበረም፤ ቤተሰቡን ትቶ የመጣ ልጅ የሚተኛበት፣ የሚበላበትና የሚያጠናበት ቦታ ያስፈልገዋል። ውሎ አድሮ ግን የቤቱ ስም የክለቡ የታዳጊዎች ሥልጠና ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ነዋሪዎቹ በ2011 ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የጆአን ጋምፐር የሥልጠና ማዕከል ሲዛወሩም ስሙ አብሯቸው ሄደ። አዲሱ ሕንፃ ለረጅም ዓመታት ለክለቡ ልጆችን ሲመለምል በኖረው በኦሪዮል ቶርት ስም ተሰይሟል።

ፍሬው የታየው ቀስ ብሎ ነው። ሆላንዳዊው ዮሃን ክራይፍ በ1988 በአሰልጣኝነት ሲመጣ ከታዳጊዎቹ እስከ ዋናው ቡድን አንድ ዓይነት አጨዋወት እንዲሰፍን አደረገ፤ ከታች ያደገ ልጅ ላይኛው ቡድን ሲደርስ እንግዳ እንዳይሆን። ከማሲያ ነዋሪዎች አንዱ የነበረው ፔፕ ጋርዲዮላ በክራይፍ ሥር ተጫውቶ በኋላ ራሱ የክለቡ አሰልጣኝ ሆነ። በ2009 ሮም ላይ የቻምፒየንስ ሊግን ዋንጫ ሲያነሳ ጨዋታውን ከጀመሩት አሥራ አንድ ተጫዋቾቹ ሰባቱ ከአካዳሚው የወጡ ነበሩ። ለ2010 የባሎን ዶር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩ የሆኑት ሜሲ፣ ኢኒዬስታና ዣቪ ሦስቱም የዚያው ቤት ልጆች ናቸው። በኖቬምበር 2012 ከሌቫንቴ ጋር በተደረገው የሊግ ጨዋታ ደግሞ ዳኒ አልቬስ ተጎድቶ ማርቲን ሞንቶያ ተቀይሮ ሲገባ፣ ሜዳ ላይ የነበሩት የባርሴሎና ተጫዋቾች አሥራ አንዱም ከአካዳሚው የተገኙ ሆኑ።

የዚህ ታሪክ ችግሩ የሚቆጥረው የደረሱትን ብቻ መሆኑ ነው። በየትኛውም ትልቅ ክለብ ወደ አካዳሚ ከገቡት ልጆች አብዛኞቹ ለዋናው ቡድን አንድም ጨዋታ ሳይጫወቱ ይሰናበታሉ። ይህ የአሠራር ጉድለት አይደለም፤ አካዳሚ የሚሠራው እንዲህ ነው። የትኛው ልጅ እንደሚደርስ በአሥር ዓመቱ ማወቅ ስለማይቻል ጥቂቶችን ለማግኘት ብዙዎችን መሰብሰብ ግድ ይላል። ተሰናባቾቹም ቢሆኑ በቆዩበት ጊዜ ሥራ ፈት አልነበሩም፤ ለደረሱት የልምምድ ጓደኛና ተፎካካሪ ሆነው አገልግለዋል። ያለ እነሱ ሜሲም አታልሎ የሚያልፈው ተከላካይ ባላገኘ ነበር። እንግዲህ የብዙ ልጆችን ልጅነት ለጥቂቶች ስኬት ማዋል በምን ይጸድቃል?

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ተሰጥኦ መባከን የለበትም የሚል ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ያለው የመክሊት ምሳሌ ለዚህ ጥሩ ድጋፍ ይመስላል፤ ያተረፉት አገልጋዮች ተመስግነዋል፣ መክሊቱን የቀበረው ተወቅሷል። ነገር ግን ምሳሌው ለክለብ አይመችም። በምሳሌው ውስጥ መክሊቱን የተቀበለው፣ የነገደበትና በመጨረሻ የተጠየቀው ያው አገልጋይ ነው። በአካዳሚ ግን መክሊቱ የተሰጠው ልጅ ሌላ፣ የሚነግድበት ሌላ ነው። ክለቡ ጌታም አገልጋይም አይደለም፤ የሰው ሀብት ለጊዜው በእጁ የገባ አደራ ተቀባይ ነው። አደራ ተቀባይ ደግሞ አስቀድሞ የሚጠየቀው ምን አተረፍክ ተብሎ ሳይሆን የተቀበልከው የት ደረሰ ተብሎ ነው።

ጀርመናዊው ኢማኑኤል ካንት በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር ፍልስፍናው ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ መጠቀምን ይከለክላል። ሰው ለሰው መጥቀሙን ግን አልተቃወመም። ጎልማሳ ተጫዋች ለክለቡ ይጠቅማል፤ ሆኖም በውሉ ተከራክሮ፣ ጥቅሙን አስልቶ፣ ወዶ የፈረመ ስለሆነ ክብሩ አልተነካም። የልጅ ነገር እዚህ ላይ ይለያል። በዲሴምበር 14 ቀን 2000 የክለቡ ኃላፊ ካርለስ ሬሻክ የ13 ዓመቱን ሜሲ ለማስፈረም ቃል የገባው በአንዲት ናፕኪን ላይ ጽፎ ነው።  ሬሻክን ጨምሮ የሦስት አዋቂዎች ስም ሰፍሮባታል፤ የልጁ ፊርማ ግን የለባትም። ይህ ነቀፋ አይደለም። የ13 ዓመት ልጅ ውል ሊዋዋል አይችልም፤ ክለቡም ልጁ ያስፈልገው የነበረውን የእድገት ሆርሞን ሕክምና ወጪ ችሎለታል። ልጁ እግር ኳስን እንደሚፈልግ የሚጠራጠር የለም። የሚፈልገው ነገር ምን እንደሚያስከፍለው ግን በዚያ ዕድሜው ሊያውቅ አይችልም፤ ስለ እርሱ የሚወስኑት አዋቂዎችም ከውሳኔው የሚጠቀሙ ናቸው። ስለዚህ የልጅን ጉጉት እንደ ሙሉ ፈቃድ መቁጠር አይቻልም።

ከካንት ይልቅ ነገሩን በቅርበት የነካው ፈላስፋው ሩሶ ነው። በ1762 በወጣው «ኤሚል» መጽሐፉ፣ ይምጣ አይምጣ ለማይታወቅ ነገ ሲባል የልጁን ዛሬ የሚሠዋ አስተዳደግ ጭካኔ መሆኑን ጽፏል። በእሱ ዘመን ከሕፃናቱ ብዙዎቹ ለአቅመ አዳም ሳይደርሱ ይሞቱ ነበርና ነገሩ የፈላስፋ ማጋነን አልነበረም። በአካዳሚም ለብዙዎቹ ያ ነገ አይመጣም። አንድሬስ ኢኒዬስታ በ1996፣ በ12 ዓመቱ፣ ከፉዌንቴአልቢያ መንደር ወጥቶ ማሲያ ሲገባ በናፍቆት አብዝቶ ማልቀሱን ራሱ ተናግሯል። ያ እንባ ዛሬ በፍቅር የሚተረከው ልጁ አድጎ በ2010 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ግብ ስላስቆጠረ ነው። አጠገቡ ባለው አልጋ ላይ አልቅሶ በ16 ዓመቱ የተሰናበተ ልጅ ቢኖር ግን እንባውን የሚክስ ግብ የለውም። እሱን ሊክሰው የሚችለው እዚያ ያሳለፋቸው ዓመታት በራሳቸው መልካም መሆናቸው ብቻ ነው፤ ተጫውቶ ከተደሰተ፣ ወዳጅ ካፈራ፣ የሚያከብረው አሰልጣኝ ካገኘ።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆኤል ፋይንበርግ በ1980 ያቀረበው ሐሳብ በዚህ ላይ ሌላ ግዴታ ይጨምራል፤ ልጅ ሲያድግ ራሱ ሊመርጥባቸው የሚገቡ መንገዶች ከወዲሁ እንዳይዘጉበት መብት አለው። ሐሳቡ እስከ ጥግ ቢወሰድ አያስኬድም። ኳስም ሆነ ቫዮሊን በ18 ዓመት የሚጀመር አይደለም፤ ሁሉንም መንገድ ክፍት ለማድረግ ሲባል አንዱን መዝጋት ይመጣል። ትርጉም የሚኖረው ከትምህርት ጋር ሲያያዝ ነው። የማሲያ ልጆች ከልምምድ በፊት ትምህርት ቤት መዋላቸው ለጌጥ የተጨመረ አይደለም፤ ለሚሰናበተው ልጅ ከኳሱ ይበልጥ የሚቆይለት ትምህርቱ ነው።

ሕግ ይህን ለማስጠበቅ ሲገባ ነገሩ ይወሳሰባል። ፊፋ በ2001 ባወጣው ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር እንዳይዛወር ከለከለ፤ ከተፈቀዱት ጥቂት ሁኔታዎች አንዱ ወላጆቹ ከእግር ኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት አገር ሲቀይሩ ነው። ባርሴሎና አሥር ታዳጊዎችን በሚመለከት ደንቡን ጥሷል ተብሎ በአፕሪል 2014 ለሁለት የዝውውር መስኮቶች ተጫዋች እንዳያስፈርም ተቀጣ። ክለቡ ለልጆቹ መኖሪያና ትምህርት እንደሚሰጥ ተከራከረ፤ ውሸት አልነበረም፣ አልረዳውም እንጂ። የውሳኔው ዱላ ግን ልጆቹንም አልማረም። በይፋ ውድድር እንዳይሰለፉ የተከለከሉ ነበሩ፤ ከእነዚህም ጃፓናዊው ታኬፉሳ ኩቦ በ2015 ወደ አገሩ ተመለሰ። ሜሲ ራሱ የመጣው ደንቡ ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀድሞ ነው፤ አባቱ አብሮት የተሰደደው ለኳስ በመሆኑ ደንቡ ቀድሞ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ባላሳለፈው ነበር። ከዚህ ተነሥቶ ደንቡ ስሕተት ነው ማለት ችኩልነት ነው። የወጣው ለሜሲ አይደለም፤ በደላላ ተታልለው ባዕድ ከተማ ላይ ለሚጣሉ ልጆች ነው።

አደራው በእርግጥ የሚፈተነው በመሰናበቻው ቀን ነው። እንግሊዝ ውስጥ ክሪስታል ፓላስ ከአካዳሚው ለሚያሰናብታቸው ወጣቶች እስከ ሦስት ዓመት የሚዘልቅ ክትትል ጀምሯል፤ ትምህርትና ሥራ እስኪያገኙ ማገዝ ማለት ነው። ይህን ግን ክለቡ የጀመረው በራሱ በጎ ፈቃድ ነው። የዝውውር ገንዘብ ሲሆን ግን የፊፋ ደንብ የተሟላ ነው፤ አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በክፍያ ሲዛወር ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ያሰለጠኑት ክለቦች ከዝውውር ሒሳቡ 5 በመቶውን እንደ ቆይታው መጠን ይከፋፈላሉ። ከእሱ ጋር አብረው ሠልጥነው ለተሰናበቱት በዚህ ስሌት ውስጥ የተያዘ ድርሻ የለም።