ሳሏን የደበቀች ሠራተኛና የእኛ ዕዳ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያሉ አባቶቻችን ይመክሩናል። የምክሩን እውነትነት የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን ተረቱ የሚናገረው ለታማሚው ብቻ ነው፤ «ለመሆኑ በሽታውን እንዲደብቅ ያስገደደው ምንድን ነው?» ብሎ በዙሪያው የቆሙትን ሰዎች አይጠይቅም። እኛ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በዚህች አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣነው ይህንኑ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው። ለምሳሌ የምንወስደውም የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን የገባባቸውን የ2012 ዓ.ም. የመጋቢትና የሚያዝያ ሳምንታት ይሆናል።

እንደሚታወቀው የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ያስታወቀው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን፣ የመጀመሪያው ታማሚ በአዲስ አበባ መገኘቱ ተነገረ፤ እርሱም ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ከመጋቢት 14 ቀን ጀምሮ ከውጭ አገር የሚገባ መንገደኛ በተመደቡ ሆቴሎች በራሱ ወጪ 14 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ታዘዘ። መጋቢት 27 ቀን የመጀመሪያው ሞት ተሰማ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን የትንሣኤን በዓልም አብዛኛው ምእመን ቅዳሴውን በቴሌቪዥንና በሬዲዮ እየተከታተለ በየቤቱ አሳለፈው።

በእነዚያ ሳምንታት በሕዝቡ ልብ ውስጥ ሁለት ፍርሃቶች አብረው ይኖሩ ነበር። አንደኛው «ተመርምሬ ቢገኝብኝስ?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ከሥራ ብቀር ምን እበላለሁ?» የሚል ነው። በራዲዮና በቴሌቪዥን ስለ መጀመሪያው ብዙ ተነግሯል። ሁለቱ ግን አንድ ፍርሃት መሆናቸውን ያስተዋልን ጥቂቶች ነን።

ስለ ምርመራው በጥቂቱ እንናገር። በመጀመሪያ ላይ በአገራችን ይህን በሽታ ለይቶ የሚያውቅ መመርመሪያ ስላልነበረ የተጠርጣሪዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበር። ጥቂት ቆይቶ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በራሱ መመርመር ጀመረ። ምርመራው ከአፍንጫና ከጉሮሮ በሚወሰድ ናሙና ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ መሣሪያውም ኬሚካሉም ከውጭ የሚመጣ ነበር። መጋቢት 13 ቀን ቻይናዊው ባለ ሀብት ጃክ ማ ለአፍሪካ አገሮች የላኩት እርዳታ አዲስ አበባ ሲደርስ ለእያንዳንዱ አገር የታሰበው 20,000 መመርመሪያና 100,000 ጭምብል ነበር። የእኛ ሕዝብ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ነውና ይህ ሁሉ ሲካፈል ለ5,000 ሰው አንድ መመርመሪያ እንኳ አይደርስም። ስለዚህ «ተመርመሩ» የሚለው ቃል በጊዜው ለብዙ ሰው ምክር እንጂ ሊፈጽመው የሚችለው ነገር አልነበረም።

አሁን አንዲት ሴት በአሳባችን እንሣል። በሦስት ሰዎች ቤት እየተዘዋወረች ልብስ የምታጥብ፣ ሁለት ልጆች ያሏት፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ከብዙ ጎረቤቶች ጋር ውኃውንም መጸዳጃውንም በጋራ የምትጠቀም ሴት ናት። አንድ ቀን ማለዳ ሳል ይዟት ተነሣች። ሳሉ የኮሮና ይሁን፣ የጉንፋን ይሁን፣ ወይም የማገዶ ጢስ ያመጣው ይሁን አታውቅም። ብትናገር አሠሪዎቿ «አትምጪ» ይሏታል፤ ያልሠራችበትን ቀን የሚከፍላት የለም። የግቢው ሰው ይሸሻታል፤ አከራይዋም «ቤቱን ልቀቂልኝ» ሊላት ይችላል። ዝም ብትል ግን በታክሲ ተጋፍታ ትሄዳለች፤ በምታጥብበትም ቤት አንዲት አሮጊት እናት አሉ። ሴትዮዋ ዝም ብላ ሄደች። ጥፋቱ የማን ነው?

ብዙዎቻችን «የእርሷ ነዋ!» ብለን እንመልሳለን። ይህ መልስ ቀላል አይደለም፤ በሚገባ ልንመዝነው ይገባል። ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የሚለው ትእዛዝ ለድሀም ለባለጸጋም እኩል የተሰጠ ነው። የሴትዮዋ ረኃብ የአሮጊቷን ሳንባ ከበሽታ አያድነውም። ድህነት ሰውን ከኃላፊነት ነጻ ያወጣል ብንል ድሀውን ያከበርን ይመስለናል እንጂ ሰውነቱን ቀነስንበት ማለት ነው። ስለዚህ «ምንም ጥፋት የለባትም» አንልም።

ይሁን እንጂ በእርሷ ልብ ውስጥ በሚዛኑ በሁለቱ ወገን የተቀመጡትን ነገሮች እንመልከት። በአንዱ ወገን ያለው ረኃብ ነው፤ እርሱም እርግጠኛ ነው፤ ዛሬ ማታ በልጆቿ ፊት ይቆማል። በሌላው ወገን ያለው በሽታ ነው፤ እርሱም ጥርጥር ነው፤ ምናልባት አለ፣ ምናልባትም የለም። እርግጠኛ የሆነውን ክፉ ነገር ለመሸሽ አጠራጣሪውን የመረጠ ሰው ልቡ ጨካኝ ስለሆነ ነው ማለት አይቻልም። ጥርጥሩን ወደ እርግጥ ሊለውጠው የሚችለው ምርመራው ነበር፤ እርሱ ደግሞ በእጇ የለም። ቢገኝም እንኳ እውነቱ ሲገለጥ ኪሳራው የሚወድቀው በእርሷ ላይ ብቻ ነው። እውነቱ የሚጠቅመው ግን ለማን ነው? ለአሮጊቷ ነው፣ ለአሠሪዎቿ ነው፣ በታክሲው ለተሳፈሩት ነው፣ ለግቢው ሁሉ ነው። እንግዲህ ለብዙዎች ጥቅም የሚሆነውን እውነት አንዲት ድሀ ብቻዋን ዋጋ ከፍላ እንድታቀርብ መጠየቅ ፍርድ ነውን?

በዚህ ነገር ላይ ቅዱሳት መጻሕፍት ምን ይላሉ? ኦሪት ዘሌዋውያንን ስንከፍት በምዕራፍ 13 የለምጽ ምርመራ ሕግ እናገኛለን። ካህኑ ያየዋል፤ ነገሩ ካልተለየለት ታማሚውን ሰባት ቀን ለይቶ ያቆየዋል፤ እንደ ገና አይቶ ሌላ ሰባት ቀን ይጨምርበታል። ሲደመር 14 ቀን ነው! ብዙ ጊዜ የምናስተውለው እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው። በምዕራፍ 14 ግን ሁለት ነገሮች ተጽፈዋል። የመጀመሪያው፣ በሽተኛው ከሰፈር ውጭ ስለሚኖር ለምርመራው ካህኑ ራሱ ከሰፈር ወጥቶ ወደ እርሱ ይሄዳል። ሁለተኛው፣ የዳነው ሰው ማቅረብ የሚገባው ሦስት በግና የተወሰነ ዱቄት ነው፤ ድሀ ቢሆን ግን ሕጉ በጉን ወደ አንድ፣ ዱቄቱንም ወደ ሲሶው ዝቅ ያደርግለታል፤ የቀሩትንም በጎች በሁለት ዋኖሶች ወይም በሁለት ርግቦች ይተካለታል። ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ምርመራን ያዘዘው ሕግ ራሱ የድሀውን ኪስ ዐይቷል። «ተለይ» ያለው ሕግ «ከየት አምጥተህ?» ብሎ ጠይቋል። በዚያው መጽሐፍ በምዕራፍ 19 የቀን ሠራተኛ ደመወዝ በአሠሪው ዘንድ እንዳያድር የታዘዘውም ስለዚህ ነው፤ የሠራተኛው እራት በዚያ ደመወዝ ውስጥ ነውና።

ጌታችንም በሉቃስ ወንጌል ስለ ደጉ ሳምራዊ ሲያስተምር አንድ ነገር አልተወም። ሳምራዊው ቁስሉን ካሰረለት በኋላ የእንግዶች ማረፊያውን ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጠው፤ ከዚያ በላይ ቢወጣም ሲመለስ እንደሚከፍል ቃል ገባ። ርኅራኄው የወደቀውን ሰው በማንሣት አላበቃም፤ ሰውየው ተኝቶ የሚቆይበትን ቀን ወጪ ጨምሮ ነበር። እኛ ግን በዚያ ዘመን «ቤትህ ተቀመጥ» የሚለውን ቃል በነጻ ስንሰጥ ሁለቱን ዲናር ዘነጋን።

አንዳንድ ወገኖች ደግሞ «እምነት ያለው ሰው ምርመራ ምን ያደርግለታል?» ብለው ነበር። ለእነርሱ መልሱ ከዚያው ከሉቃስ ወንጌል ይገኛል። አሥሩ ለምጻሞች ወደ ጌታ በጮኹ ጊዜ ሄደው ራሳቸውን ለካህናት እንዲያሳዩ አዘዛቸው። በቃሉ ማዳን የሚችል አምላክ የሕጉን ምርመራ ካልናቀ እኛ ማን ነን የምንንቀው? መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበር እንደሚገባና መድኃኒትን የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። በሦስተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ክርስቲያኖች ታማሚዎችን ሲያስታምሙ አብረው እንደ ሞቱ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ዲዮናስዮስ ጽፏል። እነዚያ ቅዱሳን የደፈሩት ወደ ታመመው ለመሄድ ነው፤ በሽታውን ወደ ጤነኛው ለመውሰድ አልደፈሩም። ሁለቱ ድፍረቶች በስም አንድ ቢሆኑም በግብር ሰማይና ምድር ናቸው።

እዚህ ላይ የ1911 ዓ.ም.ን የኅዳር በሽታ ማስታወስ ይገባል። ያ በሽታ በአዲስ አበባ ብዙ ሺህ ሰው ፈጅቷል፤ ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። እስከ ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተቃጠለ «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። በዚያ ጊዜ በሽታውን ለይቶ የሚያውቅ ምርመራ አልነበረምና ማን ይዞት ማን እንዳልያዘው ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር። በእኛ ዘመን ግን ማወቅ ተችሏል። ማወቅ በተቻለበት ዘመን ደግሞ አዲስ ዕዳ ይመጣል፤ ይኸውም እውነቱን ለመናገር የሚደፍረውን ሰው የመደገፍ ዕዳ ነው።

በእነዚያ ሳምንታት ይህን ዕዳ የተረዱ ሰዎች አልጠፉም። በአስቸኳይ ጊዜው ደንብ አሠሪ ሠራተኛውን እንዳያሰናብት፣ አከራይም ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ተከልክሎ ነበር። የወር ኪራይ የተዉ አከራዮች ነበሩ፤ «ማዕድ ማጋራት» የሚለው ቃልም በየሰፈሩ ተሰማ። በአንጻሩ በመንገድ ላይ «ኮሮና» እየተባሉ የተሰደቡና ድንጋይ የተወረወረባቸው የውጭ አገር ሰዎችም ነበሩ። ደንቡ መልካም ቢሆንም የሚደርሰው የሥራ ውል ላለው ሰው ነው። በየቤቱ የምታጥበው ሴት፣ የጉሊት ነጋዴዋ፣ ሊስትሮው፣ የታክሲ ረዳቱ ውል የላቸውም። እነርሱ ዘንድ የሚደርሰው ጎረቤት ነው።

«እኛም ድሆች ነን፤ ከየት አምጥተን እንደግፋለን?» የሚል ይኖራል። ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ድሀው የአገራችን ሕዝብ ለሞተ ሰው እድር አቋቁሞ ድንኳኑን፣ መቀመጫውን፣ የለቅሶውን ወጪ በየወሩ ከሚያወጣው ጥቂት ገንዘብ ይሸፍን የለምን? ለሞት ያዋጣ ሰው ለ14 ቀን እንጀራ ማዋጣት አያቅተውም። ሌላው ደግሞ «ሳል ላለበት የሚሰጥ ከሆነ ያልታመመው ሁሉ ይስላል» ይላል። አዎን፣ አንዳንድ አታላይ አይጠፋም። ነገር ግን በአታላዩ የምናጣው ጥቂት ኪሎ ዱቄት ነው፤ በተደበቀው በሽታ የምናጣው ግን እናቶቻችንን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮናን አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አስታውቋል። ጥያቄው ግን አላበቃም። ዛሬም የሳንባ ነቀርሳ አለ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ሰው እንዲመረመር ይመከራል፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያም ሕክምናው በነጻ ይሰጣል። ሆኖም መድኃኒቱ ወራት ስለሚወስድ ሥራውንና የሰውን ፊት ፈርቶ የሚደብቅ ወንድም አለ። ስለዚህ የሚከተሉትን ለራሳችን እንድንወስን እናሳስባለን፤

1ኛ. ሕመም የተሰማን እኛ ከሆንን፣ ብንፈራም እንናገር፤ መርምሮ ነጻ ያሉንም ቀን ለዚያ ቀን ብቻ መሆኑን ዐውቀን እንጠንቀቅ።

2ኛ. የሚናገረው ባልንጀራችን ከሆነ ከማራቃችን በፊት ስሙን ከሐሜት እንጠብቅ፤ እንጀራውንም በደጃፉ እናድርስ።

3ኛ. በቤታችን የምትሠራ እኅት ካለች ሳትታመም በፊት «ብትታመሚ የቀረሽበትን ቀን እንከፍልሻለን» ብለን እንንገራት። ከታመመች በኋላ የሚነገር ተስፋ ፍርሃትን አያስወጣምና።

4ኛ. እድሮቻችንና የጽዋ ማኅበሮቻችን ለቀብር ከሚሰበስቡት ከፍለው ለሕመም ቀን የሚሆን ጥቂት እንዲያስቀምጡ ታላላቆቻችንን እንለምን።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን ስንመለስ፣ ሳሏን የደበቀችው ሠራተኛ ጥፋት አለባት፤ ነገር ግን የእርሷን ጥፋት ከመቍጠራችን በፊት የእኛን ዕዳ እንክፈል። ዕዳችንን ከከፈልን በኋላ ብትደብቅ ያን ጊዜ ልንወቅሳት እንችላለን። ምናልባት ያን ጊዜ የምትደብቅበት ምክንያት አይኖራት ይሆናል።

እግዚአብሔር አምላክ ሕሙማንን ይፈውስልን፤ የሞቱትን ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ለእኛም የባልንጀራችንን ሸክም የምንሸከምበት ልብ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።