«ደረሰ» ስንል

አማርኛ «ደረሰ» የሚለውን ግስ ብዙ ያሸክመዋል። እንግዳው ደረሰ፤ ሰብሉ ደረሰ፤ ልጁ ደረሰ። ከቦታው መገኘትም መብሰልም አንድ ቃል ናቸው። ሰው ሳይበስል ከቦታው ሲገኝስ «ደረሰ» እንላለን?

በአሜሪካ ቤዝቦል ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይነሳል፤ ወጣት ኳስ ወርዋሪ ከታችኛው ሊግ ወደ ዋናው መቼ ይደግ?

የሂዩስተኑ ዴቪድ ክላይድ ገና 18 ዓመቱ ነበር። የመጨረሻውን የትምህርት ቤት ጨዋታ ካደረገ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው፣ ጁን 27 ቀን 1973 እ.ኤ.አ. የቴክሳስ ሬንጀርስን ማሊያ ለብሶ ወጣ። የክለቡ ባለቤት ቦብ ሾርት ስታዲየሙ ተመልካች ርቆት ተቸግሮ ነበር፤ ያን ምሽት ከ35,000 በላይ ሰው ገባ። ልጁ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መቺዎች ዒላማ እየሳተ በነጻ አሳለፋቸው። ቀጣዮቹን ሦስቱን ግን ኳሱን መምታት እያቃታቸው አስወጣቸው። ጥሬነቱም ብስለቱም በአንድ ዙር ታየ፤ ሕዝቡ ያየው ከፍሎ ሊያይ የመጣውን ብቻ ነው። ቡድኑ አሸነፈ፤ «ደረሰ» ተባለ።

አሰልጣኙ ዋይቲ ሄርዞግ ልጁ ከሁለት ጨዋታ በኋላ ወደ ታች ወርዶ እንዲበስል ፈልጎ ነበር። የበሩ ገቢ ግን ጣፈጠ፤ ልጁም እዚያው ቀረ። ኋላ ትከሻው ተጎዳ። በ1979 ገና በ24 ዓመቱ፣ በ18 ድልና በ33 ሽንፈት የዋናው ሊግ ዘመኑ አበቃ።

ጥፋቱ ዕድሜው ነው እንዳንል ቦብ ፌለር አለ። በ1936 በ17 ዓመቱ፣ በመጀመሪያ ቋሚ ጨዋታው 15 መቺዎችን አስወጣ፤ ውድድሩ ሲያልቅ አዮዋ ወደሚገኘው ትምህርት ቤቱ ተመለሰ፤ በዘመኑም 266 ድል አስመዘገበ። ጆ ነክስሃል ደግሞ በ1944 በ15 ዓመቱ ገብቶ አንድ ዙር እንኳ ሳይጨርስ አምስት ነጥብ ተቆጠረበት። ወደ ታች ወረደ፤ ከስምንት ዓመት በኋላ ተመልሶ 135 ጊዜ አሸነፈ። ሁለቱም የመመለሻ መንገድ ነበራቸው።

ማቆየትም ቢሆን ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም። ተጫዋች ቡድኑን በነጻ የሚመርጠው ስድስት ዓመት ካገለገለ በኋላ ነው፤ 172 ቀን እንደ ሙሉ ዓመት ይቆጠራል። ስለዚህ የደረሰን ልጅ ጥቂት ሳምንት ያዘገየ ክለብ ተጨማሪ ዓመት ሊይዘው ይችላል። «ገና ነው» የሚለው አንዳንዴ የአሰልጣኙ ዓይን ሳይሆን የሒሳብ ሹሙ እርሳስ ነው።

ብስለት ከፈተና በፊት አይታወቅም። ገበሬም እሸቱን በመዳፉ አሽቶ ያያል፤ ለማየት ብሎ ግን ማሳውን አያጭድም። እንግዲህ «ደረሰ ወይ?» ከማለት በፊት «ባይደርስስ ማን ይከፍላል?» እንበል።

በክላይድ ጊዜ የከፈለው ራሱ ነው። በወቅቱ ደንብ ለጡረታ የሚያበቃውን የአራት ዓመት አገልግሎት ለመሙላት 37 ቀን ጎደለው። ሳይደርስ «ደረሰ» የተባለው ልጅ፣ ለጡረታው ሳይደርስ ቀረ።