ልክ የማን ነው? ስለ አሮጌ ራዲዮ ጥገናና ስለ ሐቀኝነት

የሰው ልጅ የሚሠራው መሣሪያ ሁሉ የድካሙና የዕውቀቱ ማኅደር ነው። ማረሻም ይሁን ማሲንቆ፣ ሚዛንም ይሁን ራዲዮ፣ ሠሪው ካለፈ በኋላ የእጁ ሥራ ይቀራል፤ የቀረውም ሥራ በተራው ጠባቂና ጠጋኝ ይሻል። ጠጋኝ ሁለት አደራ ይሸከማል። አንደኛው መሣሪያውን ለሠራው ነው፤ ሁለተኛው በመሣሪያው ለሚገለገለው። ሁለቱ አደራዎች የተጋጩ እንደሆነ ለየትኛው ይታመን? ይህ ጥያቄ ከእጅ ጥበብ አልፎ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይሆናል። ጥያቄውን አጉልተው ከሚያሳዩት የሥራ መስኮች አንዱም የአሮጌ አማተር ራዲዮኖች ጥገናና ልክ የማስያዝ ሥራ ነው።

አማተር ራዲዮ ማለት ለትርፍ ሳይሆን ለዕውቀትና ለግንኙነት ሲል፣ ፈቃድ ተቀብሎ፣ በራሱ ተቀባይና አስተላላፊ ከሩቅ አገር ሰዎች ጋር የሚነጋገር ሰው ሥራ ነው። ከ1930ዎቹ እስከ 1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የተሠሩት የናሽናል፣ የሐሊክራፍተርስና የኮሊንስ ተቀባዮች ዛሬም በወዳጆቻቸው እጅ ይገኛሉ። በመስታወት ቱቦ የሚሠሩ፣ ብረት ለበስና ከባድ ናቸው። ነገር ግን ዕድሜ የማይነካው የለም። በሰም በተነከረ ወረቀት የተጠቀለሉት ኮንደንሰሮች ሊያግዱት የሚገባቸውን ኤሌክትሪክ ያሾልካሉ። የካርቦን ሬዚስተሮች ልክ በላያቸው ከተጻፈው በላይ ያድጋል። ይህን ሳይመረምር ማብሪያውን የሚጫን ሰው፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ትራንስፎርመሩን አቃጥሎ ለብዙ ዓመታት የቆየውን ሥራ ሊያጠፋ ይችላል።

እዚህ ላይ በጠጋኞች መካከል ክርክር ይነሣል። አንደኛው ወገን፣ መሣሪያው የታሪክ ምስክር ስለሆነ አንዲት ብሎን እንኳ ልትለወጥበት አይገባም ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ የማይናገር ራዲዮ ሬሳ ነው፤ የሞተው ወጥቶ ሕያው ይግባበት ይላል። በመካከል የቆሙት የአሮጌውን ኮንደንሰር ሆድ ዕቃ አውጥተው፣ አዲሱን በቀፎው ውስጥ ያስገቡና አፉን በሰም ይደፍኑታል። ለተመልካች መልኩ የጥንቱ ነው፤ ሥራው ግን የአዲሱ ነው። ይህ ጥበብ ነው ወይስ ማታለል?

መልሱን ከቀፎው ይልቅ ከጠጋኙ አንደበት መፈለግ ይሻላል። የለወጠውን ሁሉ ጽፎ ከመሣሪያው ጋር ያኖረ ሰው የሠሪውንም መልክ፣ የተገልጋዩንም ጥቅም አክብሯል። ያንኑ ሥራ ሠርቶ «ያልተነካ ነው» ብሎ የሸጠ ግን ዋሽቷል። እ.ኤ.አ. በ1964 በቬኒስ የጸደቀው የሐውልቶችና የታሪካዊ ሥፍራዎች ጥገና ቻርተር ለኪነ ሕንፃ ይህንኑ መርሕ ደንግጓል። የጎደለውን የሚተካ ክፍል ከጠቅላላው ጋር መስማማት አለበት፤ ሆኖም የታሪኩ ምስክርነት እንዳይዛባ ከጥንቱ ተለይቶ መታወቅ ይኖርበታል።

ይሁን እንጂ የሚሠራ መሣሪያ ሁሉ እውነተኛ መሣሪያ አይደለም። ድምፅ መስጠቱ አንድ ነገር ነው፤ የሚያሳየው ቁጥር ሐቅ መሆኑ ሌላ ነው። በ40 ሜትር ሞገድ ለአማተሮች የተመደበው ክልል የሚጀምረው ከ7,000 ኪሎ ኸርዝ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው የሌሎች አገልግሎቶች ነው። የመቃኛው ሰሌዳ 7,003 እያሳየ እውነተኛው ልክ 6,998 ቢሆን፣ በዚያ ሰሌዳ ተማምኖ አስተላላፊውን የሚያቀና ሰው የሌላውን አጥር ጥሶ ይገባል። ይህን ሲያደርግ አያውቅም፤ አለማወቁ ግን የታወከውን ግንኙነት አያቃናም። ስለዚህ የራስን መሣሪያ ልክ ማስያዝ የጎረቤትን ድርሻ ማክበር ነው።

የተዛባን ሰሌዳ ለማቅናት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቀላል ነው፤ ጠቋሚውን በክሩ ላይ ትንሽ ገፋ ማድረግ። በዚህ መንገድ ሰሌዳው በአንድ ነጥብ ላይ ልክ ይሆናል፤ ያንን ነጥብ ብቻ የሚመለከት ሰውም ረክቶ ይሄዳል። ጠቋሚው ወደ ሌላኛው ጫፍ ሲሄድ ግን ስሕተቱ እንደገና ብቅ ይላል። ሁለተኛው መንገድ አድካሚ ነው። በብዙ ተቀባዮች ላይ በዝቅተኛው ጫፍ የጥቅል ሽቦው እምብርት ይስተካከላል፤ በከፍተኛው ጫፍ ደግሞ ትንሿ ማስተካከያ ኮንደንሰር ትዞራለች። አንዱ ሲነካ ሌላው ስለሚናጋ፣ ሁለቱም ጫፎች እስኪስማሙ ድረስ መመላለስ ግድ ይሆናል። ይህም የሚሠራው መሣሪያው በቂ ጊዜ በርቶ ከሞቀ በኋላ ነው፤ ቱቦዎቹና ጥቅሎቹ እስኪሞቁ ልኩ ይንሸራተታልና። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለው የአበው አነጋገር በጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

ታዲያ ጠጋኙ ራሱ ልክ መሆኑን በምን ያውቃል? በአሜሪካ ደብልዩ ደብልዩ ቪ የተባለው የመለኪያ ጣቢያ በ5፣ በ10፣ በ15 ሜጋ ኸርዝና በሌሎችም ሞገዶች ትክክለኛ ልክ ያሠራጫል። ጠጋኙ በተቀባዩ ውስጥ ያለውን የ100 ኪሎ ኸርዝ ክሪስታል ከዚህ ሞገድ ጋር ያስተያያል። ሁለቱ ሲቀራረቡ ፉጨት ይሰማል፤ ማስተካከያው በቀስታ ሲዞር ፉጨቱ እየወፈረ ይሄድና በመጨረሻ ይጠፋል። በ10 ሜጋ ኸርዝ ላይ የ10 ኸርዝ ልዩነት ቢቀር እንኳ ስሕተቱ ከሚሊዮን አንድ ብቻ ነው። ልክ የተገኘበት ምልክት ዝምታ ነው፤ በሁለቱ መካከል የሚያከራክር ነገር አልቀረምና።

«ልክ ራሱ የሰዎች ስምምነት አይደለምን? የተስማሙበትንስ ማን እውነት አደረገው?» የሚል ተከራካሪ ሊነሣ ይችላል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ማሲንቆ መቺው ቅኝቱን የሚይዘው በገዛ ድምፁ ነው፤ ትዝታውም ሆነ ባቲው ከፍ ብሎ ወይም ዝቅ ብሎ ቢጀመር ማንም አይከሰውም። ብቻውን እስከ ተጫወተ ድረስ ልኩ የራሱ ነው። ክራር፣ ዋሽንትና ማሲንቆ በአንድ መድረክ የተሰለፉ ዕለት ግን እያንዳንዱ በየራሱ ቅኝት ልሂድ ቢል የሚሰማው ጫጫታ ነው። ያው ደብልዩ ደብልዩ ቪ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ለሙዚቀኞች መቃኛ የሚሆን የ440 ኸርዝ ድምፅ ማሠራጨቱ የዚህ ማስረጃ ነው። ሰከንድም ብትሆን እ.ኤ.አ. በ1967 በሲዚየም አቶም 9,192,631,770 ንዝረት እንድትለካ የተወሰነችው በሰዎች ጉባኤ ነው። ልክ በስምምነት ይወለዳል፤ ከተወለደ በኋላ ግን ማንም ለብቻው እንደ ፈቃዱ ሊገፋው አይችልም። በጋራ የተያዘ ነገር የጋራ ዳኛ ይሻል።

በዚህ ረገድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ሠራዊት ይገለገልበት የነበረው ቢ.ሲ. 221 የተባለው የሞገድ መለኪያ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ከጦርነቱ በኋላ በርካታው ለአማተሮች ተሸጧል። እያንዳንዱ መለኪያ በተናጠል ተፈትኖ ንባቡ የተመዘገበበት የራሱ መጽሐፍ ነበረው፤ መጽሐፉም የመለኪያውን መለያ ቁጥር ይዟል። መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት መለኪያዎች መጽሐፍ ቢለዋወጡ ሁለቱም ይሳሳታሉ። የሌላው ሐቅ ለእኔ ሐቅ የሚሆነው እኔም በዚያው ልክ ተመርምሬ ስገኝ ብቻ ነው። መጽሐፉ የጠፋበት መለኪያም ክሪስታሉ ደኅና ቢሆን፣ እንደገና ነጥብ በነጥብ እስኪመዘገብ ድረስ ምስክርነቱ አይታመንም።

ከራዲዮው ጠረጴዛ ወደ ሌላው የሥራ መስክ ዐይናችንን ብንመልስ፣ ጠቋሚውን ብቻ የመግፋት ፈተና በየቦታው እናገኘዋለን። ተቆጣጣሪ በሚመጣበት ቀን ብቻ የሚያምር ሪፖርት፣ ለፈተናው ጥያቄ ብቻ የተዘጋጀ ተማሪ፣ የተላጠውን ጥንታዊ ሥዕል በራሱ ቀለም ሸፍኖ ሳይናገር የሚያልፍ ሠዓሊ፣ ሁሉም በአንድ ነጥብ ላይ ልክ ናቸው። ጉዳቱ የሚታየው ወደ ሌላኛው ጫፍ ሲኬድ ነው፤ በጎተራው፣ በተማሪው ሕይወት፣ ሥዕሉን በሚያጠናው ትውልድ ላይ። ያን ጊዜ ደግሞ ጠቋሚውን የገፋው ሰው ብዙ ጊዜ በቦታው አይገኝም።

እንግዲህ የጠጋኝ ሐቀኝነት ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል ማለት ነው። ሥራውን በሁለቱም ጫፍ መመርመር፣ ልኩን ከራሱ ውጭ ካለ ዳኛ መቀበል፣ የለወጠውንም ለተከታዩ ጽፎ ማኖር። የመጀመሪያው ትዕግሥት፣ ሁለተኛው ትሕትና፣ ሦስተኛው ለማያውቀው ሰው ያለው ፍቅር ነው። ሦስቱን ያሟላ ሰው የጠገነው ራዲዮ ነገ በሌላ እጅ ሲገባ፣ አዲሱ ባለቤት ክዳኑን ከፍቶ ወረቀቱን ያነባል፤ ምን እንደ ቀረ፣ ምን እንደ ተለወጠ ያውቃል፤ የሰሌዳውንም ቁጥር አምኖ ይጠራል።