ስለ ሰው ሆድ ማን ይመልስ?

ባለፈው ክረምት የዶርም ጓደኛችንን እናት ለኦፕራሲዮን ስናስታምም ሰንብተን፣ አንድ ጥያቄ ይዘን ወደ ካምፓስ ተመለስን። ጥያቄው የሐኪሞች አይደለም፤ የእኛው ነው። ሰውን ስለምንወደው ብቻ በእሱ ፈንታ ልንመልስለት፣ ልንፈርምለት፣ አልፎ ተርፎም ልንዋሽለት ይገባናል ወይ?

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቲቱ ከሰሜን ሸዋ ገጠር የመጡ ናቸው። በሐሞት ከረጢታቸው ውስጥ ጠጠር ተገኘ፤ ሐኪሙም ከረጢቱ ራሱ በኦፕራሲዮን መውጣት እንዳለበት ተናገረ። የተናገረው ግን ለልጃቸው ነው፤ እኛም ሦስታችን አጠገቡ ቆመን ሰማን። እሳቸው ራቅ ብሎ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ይጠብቃሉ። ጓደኛችን ተመልሶ «ጠጠሯን ያወጡልሻል፣ በቃ» አላቸው። እኛም «አዎ እማማ፣ ቀላል ነገር ናት» ብለን አጀብነው። ያን ጊዜ ውሸት አልመሰለንም። ጠጠሩስ መውጣቱ መቼ ቀረ! የስምምነቱንም ወረቀት ልጁ ፈረመ።

በቀጠሮው ዋዜማ ማታ፣ ሽሮ ሜዳ አክስቱ ቤት፣ «ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምንም እንዳይቀምሱ» አልናቸው። ለምን እንደሆነ አልነገርናቸውም። ጠዋት ነርሷ «የቀመሱት ነገር አለ?» ብላ ስትጠይቅ፣ እሳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ እኛ በአንድ ድምፅ «ምንም!» አልን። ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ግን እኛን ውጭ አስቀርቶ እሳቸውኑ ጠየቃቸው። «ንጋት ላይ አንድ ስኒ ቡና፣ አንድ እፍኝ ቆሎ» አሉ። ኦፕራሲዮኑ ለሳምንት ተላለፈ።

ተናደድን። ታክሲ ውስጥ ስንነጫነጭባቸው እሳቸው ረጋ ብለው «ጾም መስሎኝ ነው፤ ጾም ለበሽተኛ ይፈታ የለ?» አሉን። ምን ይመለሳል? ምክንያቱን ያልነገሩት ሰው የራሱን ምክንያት ይፈጥራል። እውነተኛው ምክንያት ደግሞ ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ሰው በማደንዘዣ ሲተኛ ጉሮሮውን የሚጠብቀው ኃይል አብሮ ስለሚተኛ፣ በሆዱ ያለው ምግብ ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባው ውስጥ ሊገባ፣ ሊገድለውም ይችላል። ከቀላል ምግብ ቢያንስ ስድስት ሰዓት፣ ከንጹህ ውሃ እንኳ ሁለት ሰዓት መታቀብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እንግዲህ የእኛ «ምንም!» በፍቅር የተነገረች ትንሽ ውሸት ብቻ አልነበረችም፤ ነፍስ ልታጠፋ ትችል ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ «ፈላስፋ ጥቀሱ እንጂ» ይለን ይሆናል። አማኑኤል ካንት በ1797 እ.ኤ.አ. በጻፈው አጭር ድርሰት፣ ወዳጅን ከነፍሰ ገዳይ ለማዳን እንኳ መዋሸት አይፈቀድም ሲል ተከራክሯል። ክፍል ውስጥ ስንማረው «ድርቅና ነው» ብለን ስቀን ነበር፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተዋጠልንም። ነገር ግን በዚያው ድርሰት ያለችው፣ የዋሸ ሰው ውሸቱ ላስከተለው ያልታሰበ ጉዳት ጭምር ተጠያቂ ነው የምትለዋ ነጥብ ከታክሲዋ ጀምራ አልለቀቀችንም።

ከካንት ይልቅ የሚያስጨንቀን የእንቅልፉ ነገር ነው። በ1846 እ.ኤ.አ. ቦስተን ከተማ ኤተር በሰው ፊት ተሞክሮ ከመሳካቱ በፊት፣ ሕመምተኛ ቢላዋ ሥር ሆኖ ይጮህ፣ «ተውኝ!» ይል ነበር። ያ ሥቃይ መቅረቱ ለሰው ልጅ ትልቅ ነገር ነው። ግን «ተውኝ» ማለትም አብሮ ቀረ። ዛሬ ሰው ስለ ገዛ ሆዱ «እሺ» ወይም «እምቢ» የሚልባት ጊዜ ከእንቅልፉ በፊት ያለችው ናት። እኛ የወሰድንባቸው እሷን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 20፣ ሰው በማናቸውም ጊዜ የሐኪም ምርመራን ወይም ሕክምናን አልቀበልም ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ታዲያ ያልነገሩትን ነገር እንዴት አድርጎ እምቢ ይላል?

በሁለተኛው ቀጠሮ ኦፕራሲዮኑ ደህና ሆነ፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ወደ ሽሮ ሜዳ መለስናቸው። እዚያም አመላችን አልለቀቀንም። ሐኪሙ ቶሎ ተነሥተው ይራመዱ ብሎ ነበር፤ መተኛት ሲበዛ እግር ውስጥ ደም ይረጋል፣ ሳንባም ይጎዳል። እኛ ግን ብድግ ባሉ ቁጥር «ኧረ እማማ፣ ይረፉ!» እያልን እንመልሳቸዋለን። አጥሚቱ፣ ገንፎው፣ የጠያቂው ብዛት፣ ሽታ እንዳይመታቸው አፍንጫቸው ሥር የምትደረገው ጤናዳም፣ ሁሉም ተሟላ። ሌሊት ሁላችን ስንተኛ ግድግዳ እየተደገፉ በጓሮ ሲመላለሱ ያገኘቻቸው አክስቲቱ ናት።

አንድ ቀን ልትጠይቃቸው የመጣች ጎረቤት «ለመሆኑ ሰው ያለ ሐሞት ይኖራል?» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። እማማ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሐሞቴን ነው ያስወጣችሁት?»

በእኛ አገር ሐሞት ማለት ወኔ ነው፤ ሐሞቱ የፈሰሰ ሰው ከሰው አይቆጠርም። ተንተባተብን። ሐሞትን የሚሠራው ጉበት እንደሆነ፣ የወጣው ማጠራቀሚያው ብቻ እንደሆነ፣ ከእንግዲህ ሐሞቱ በቀጥታ ወደ አንጀት እንደሚወርድና ብዙ ሰው እንዲሁ በጤና እንደሚኖር አስረዳን። ዝም ብለው ሰሙን። «ይኸን ለመናገር ሐሞት ያጣችሁስ እናንተ ናችሁ» አሉና ሳቁ፤ ስፌቱ ስለሚያማቸው ትራስ ሆዳቸው ላይ ጫን አድርገው ሳቁ። ቀጥለው ግን ሳይስቁ «መፈረምም እኮ አውቃለሁ» አሉ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ገና ልጅ ሳሉ፣ ፊደል ቆጥረዋል። ልጃቸው ይህን ያውቅ ነበር፤ ወረቀቱ ሲመጣ ግን ትዝ አላለውም። እኛም አልጠየቅንም።

«እናንተ ታውቃላችሁ» ብሎ ነገሩን ለሰው የሚተው ሕመምተኛ መኖሩ አይካድም፤ ይህም መብቱ ነው። ግን መተው ያለበት እሱ ነው፤ እማማን ደግሞ ማንም አልጠየቃቸውም። ጓደኛችን ግን እስከ ዛሬ አልተረታም። «እናቴን አታውቋትም፤ ከረጢቱ ይወጣል ብላት በማግስቱ አገሯ ትገባ ነበር፤ ሕመሙም ይጥላት ነበር» ይላል። በቀላሉ የሚጣል ክርክር አይደለም። ስለዚህ ክሩ በተፈታላቸው ቀን እሳቸውን ራሳቸውን ጠየቅናቸው። ጥቂት አሰቡና «እቀር ይሆን ነበር፤ ወይም አንድ ወር አልቅሼ እመጣ ነበር» አሉን። ጓደኛችን ይህን ለራሱ ክርክር ማስረጃ አድርጎ ይዞታል። እኛም ሦስታችን ለእኛ።